የታደሰ የኪራይ ቤት ለሪፋይናንስ ግምት እንዴት ይዘጋጃል፦ ከፐርሚት እስከ ይግባኝ

ቤቱን ገዝታችኋል፣ አድሳችኋል፣ ተከራይ አስገብታችኋል። የቀረው በአዲሱ ዋጋ ሪፋይናንስ አድርጎ (የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ተክቶ) የፈሰሰውን ገንዘብ መልሶ ማውጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ በኪራይ ቤት ሥራ ላይ ያለ ሐበሻ በብዛት የሚሰናከለው እዚህች ደረጃ ላይ ነው። የቤቱን ዋጋ የሚተምነው የገማቹ ሪፖርት (አፕሬይዛል) ከጠበቀው በታች ይመጣና «ገማቹ ቤቱን አላየውም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ብዙውን አላየውም። ገማቹ የሚያየው ክፍሉን፣ ወለሉንና ጣሪያውን ነው። ከግድግዳው ጀርባ የተዘረጋውን አዲስ የኤሌክትሪክ መስመርና ቧንቧ በወረቀት ካላሳያችሁት በስተቀር በምንም ሊያውቀው አይችልም።

ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ አፕሬይዛል እንዲታዘዝ አትፍቀዱ፤ ክፍያው አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ደረጃ 1፦ ጊዜውንና ሒሳቡን አጣሩ

የባለቤትነት ጊዜ

በፋኒ ሜ (የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅት) ደንብ ካሽ አውት ሪፋይናንስ፣ ማለትም ከቤቱ ዋጋ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚወጣበትን ሪፋይናንስ፣ ለማድረግ፣ ገንዘቡ በሚለቀቅበት ቀን ቢያንስ አንዱ ተበዳሪ በቤቱ ባለቤትነት 6 ወር የቆየ መሆን አለበት። ቤቱ ላይ ነባር ሞርጌጅ ካለና በአዲሱ ብድር የሚከፈል ከሆነ፣ ያ ሞርጌጅ 12 ወር የሞላው መሆን አለበት። የ12 ወሩ ደንብ የመጣው በ2023 ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ የ6 ወሩን ብቻ ይዘው አበዳሪ ቢሮ የሚሄዱ አሉ።

ቤቱን ያለ ብድር በጥሬ ገንዘብ የገዛችሁ ከሆነ 6 ወር ሳትጠብቁ ማመልከት የሚያስችል የተለየ መንገድ አለ፤ ዲሌይድ ፋይናንሲንግ ይሉታል። ግን ተጠንቀቁ፦ የምታገኙት ብድር ከግዢው ዋጋና ከመዝጊያ ወጪዎች ድምር አይበልጥም። ለእድሳት ያወጣችሁት አይታሰብላችሁም። እድሳቱ ትልቅ ከነበረ 6 ወሩን መጠበቅ ይሻላል።

በኪራዩ ገቢ ላይ ተመሥርተው የሚያበድሩ፣ ዲኤስሲአር በሚባለው ብድር የሚሠሩ አበዳሪዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። «ከስንት ወር በኋላ ነው አዲሱን ግምት የምትቀበሉት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

የምትችሉት ዝቅተኛ ግምት

ለኪራይ ቤት በፋኒ ሜ ካሽ አውት የሚሰጠው ከፍተኛ ብድር፣ ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ከሆነ የግምቱ 75 በመቶ፣ ከ2 እስከ 4 ቤተሰብ የሚያኖር ከሆነ 70 በመቶ ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሚከፈለው የቀድሞ ዕዳ 180,000 ዶላር፣ የመዝጊያ ወጪው 7,000 ዶላር ቢሆን ድምሩ 187,000 ነው። ይህን ለ0.75 ስታካፍሉት 249,333 ይመጣል። ግምቱ ከዚህ በታች ከሆነ ገንዘብ ልትቀበሉ ቀርቶ ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ።

በተመሳሳይ ስሌት የ20,000 ዶላር የግምት ልዩነት 15,000 ዶላር ብድር ያሳጣችኋል። ዝቅተኛውን ግምታችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት። ደረጃ 6 ላይ የአካባቢውን ሽያጭ ስታዩ ወደ ዝቅተኛው ቁጥራችሁ እንኳ የማይጠጋ ከሆነ አፕሬይዛሉን አትዘዙ፤ ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ሥራውን ጨርሱ፤ «ሊያልቅ ነው» የሚባል ነገር የለም

ገማቹ የቤቱን ይዞታ ከሲ1 እስከ ሲ6 ባለው መለኪያ ይመድባል። ሲ1 ማንም ያልኖረበት አዲስ ቤት ስለሆነ የታደሰ ቤት አይደርስበትም። የእናንተ ጣሪያ ሲ2 ነው፤ እሱም የሚሰጠው የዘገየ ጥገና ለሌለበትና ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገሩ ለታደሰ ቤት ነው። ሲ4 ላይ ጥቃቅን የተተዉ ጥገናዎች ይታያሉ። ሲ6 ደኅንነትን ወይም የቤቱን ጥንካሬ የሚነካ ጉዳት ያለበት ነው፤ ፋኒ ሜ ጉዳቱ ሳይጠገን አይቀበለውም።

ያልጨረሳችሁት ነገር ደኅንነትን የሚነካ ከሆነ ጉዳቱ ከዋጋ ያልፋል። ገማቹ ሪፖርቱን «ይህ ሲጠገን» በሚል ቅድመ ሁኔታ ያወጣዋል። ከዚያ ጠግናችሁ፣ በተለምዶ ገማቹ ተመልሶ መጥቶ፣ 1004ዲ በሚባለው ቅጽ ካላረጋገጠ ብድሩ አይዘጋም፤ ማለትም ተፈርሞ አያልቅም። የመመለሻው ክፍያም የእናንተ ነው።

እኔን የጣለችኝ አንዲት የደረጃ መደገፊያ ናት። ኮንትራክተሩ የቤዝመንቱን ደረጃ ሲቀባ መደገፊያውን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደ። እኔም በየቀኑ አጠገቧ አልፋለሁ፤ አራት ብሎን ናት፣ «ነገ» እላለሁ። ገማቹ ፎቶ አነሳት። ገማቹ ተመልሶ እስኪመጣ 11 ቀን ፈጀ፤ በዚህ መሃል የተቆለፈልኝ ወለድ (አበዳሪው ለተወሰኑ ቀናት እንዳይለወጥ የያዘልኝ) ጊዜው አለፈ። ማራዘሚያውን የከፈልኩት ስለ አራት ብሎን ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከመንገዱ ጀምራችሁ ቤቱን ዙሩ፦

– ደረጃና በረንዳ፦ መደገፊያ አለ? ይወዛወዛል?
– ውጭ፦ የተላጠ ቀለም አለ? ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ይህ የእርሳስ ቀለም ጥያቄ ያስነሳል። ዝም ብላችሁ አትፋቁት፤ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ይፋቀው።
– ኤሌክትሪክ፦ ክዳን የሌለው ሶኬት፣ የተንጠለጠለ ሽቦ፣ በሩ የጠፋ የብሬከር ሳጥን።
– ውሃ፦ እያንዳንዱን ቧንቧ ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ ከሲንኩ ሥር በእጃችሁ ዳብሱ። ከላይ ፈሶ የነበረ ውሃ ጣሪያው ላይ ቡናማ ክብ ጥሎ ከሆነ፣ ፍሳሹን ካስጠገናችሁ በኋላ ክቡን ቀቡት። ያልተቀባ ክብ ፍሳሹ ያለ ያስመስላል።
– ጢስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ፦ ሁሉም ቦታው ላይ ይኑር። በካሊፎርኒያ የውሃ ማሞቂያውም ለመሬት መንቀጥቀጥ የታሰረ መሆን አለበት።
– ማሞቂያ፦ የበጋ ወር ቢሆንም አብርታችሁ ሞክሩት።

ከቁም ሣጥን በር እጀታ እስከ ሶኬት ክዳን፣ ትንንሾቹ ለየብቻቸው ዋጋ አይቀንሱም። ስድስት ሰባት ሆነው ሲደረደሩ ግን ሲ3 ሊሆን የሚችለውን ቤት ወደ ሲ4 ይጎትቱታል።

ደረጃ 3፦ ፐርሚቱን (የግንባታ ፈቃዱን) ዝጉ

1. ወደ ከተማው ወይም ካውንቲው የሕንፃ ክፍል ድረ ገጽ ግቡና በአድራሻችሁ ፈልጉ።
2. በስማችሁም ሆነ በኮንትራክተሩ ስም የወጣው ፐርሚት ሁሉ የመጨረሻ ምርመራ አልፎ የተዘጋ መሆኑን አረጋግጡ። ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የመጨረሻውን ምርመራ ሳያስጠራ የሚጠፋው ሲበዛ ነው።
3. ክፍት ካለ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙ። በአንዳንድ ከተማ ምርመራው ሳምንታት ይወስዳል።
4. የተዘጋበትን ማስረጃ አትሙ።

ያለ ፐርሚት የተሠራ ክፍል ካለ፦ ጋራዥን ወደ መኝታ ክፍል መቀየር፣ ከኋላ ክፍል መቀጠል፣ ቤዝመንት ውስጥ ሁለተኛ ኩሽና መሥራት የመሳሰለውን ማለቴ ነው። ገማቹ የካውንቲውን መዝገብ ስለሚያይ ልዩነቱን ያገኘዋል። አትደብቁ። ከተማው ከሥራ በኋላ ፐርሚት የሚሰጥ ከሆነ ከአፕሬይዛሉ በፊት አውጡ። ካልሆነ፣ ያንን ክፍል በዝቅተኛው ቁጥር ሒሳባችሁ ውስጥ አታስገቡት።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ራሳችሁ ለኩ

ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ከ2022 ጀምሮ ፋኒ ሜ የአንድ ቤተሰብ ቤት አንሲ ዜድ765 በሚባለው መለኪያ እንዲለካ ያዛል። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ያህል ነው፦

– ቤዝመንት በዋናው ስፋት ውስጥ አይቆጠርም። የአንድ ወለል የተወሰነ ክፍል ብቻ ከመሬት በታች ቢሆንም ያ ወለል በሙሉ እንደ ቤዝመንት ይታያል። ዋጋ አለው፣ ግን በሌላ መስመር ተጽፎ በአነስተኛ ዋጋ።
– ጣሪያው ቢያንስ 7 ጫማ መሆን አለበት። ተዳፋት ጣሪያ ባለው የሰገነት ክፍል ከወለሉ ግማሹ 7 ጫማ ቁመት ያለው መሆን ይገባዋል፤ ከ5 ጫማ በታች የሆነው ቦታ አይቆጠርም።
– ለብቻው የቆመ ቤት የሚለካው በውጭ ግድግዳው ነው።

አለካኩ፦ በሜትር ወይም በሌዘር የቤቱን ዙሪያ እየዞራችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ለኩ፤ ወደ ኢንች አስጠጉ። በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉት። ሁለት ፎቅ ከሆነ ለየብቻ ሳሉ፤ ከላይ ወደ ሳሎን ክፍት የሆነውን ቦታ ቀንሱ። ከካውንቲው መዝገብ ጋር አስተያዩ። መዝገቡ 1,240 ስኩዌር ፊት የሚል፣ የእናንተ ልኬት 1,410 የሚል ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ፐርሚት ፈልጉ።

የቤዝመንት መኝታ ክፍል

መስኮት የሌለውን ክፍል አልጋ ስላስገባችሁበት መኝታ ክፍል አይሆንም። ብዙ ከተሞች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ኮድ ለማምለጫ መስኮት ይህን ይጠይቃል፦ ሲከፈት የሚገኘው ክፍተት ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ ወርዱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ አፍ ከ44 ኢንች ያልበለጠ።

ኮንትራክተሮች የሚስቱትን ልብ በሉ። 20 በ24 የሆነ መስኮት ሁለቱን ዝቅተኛ ልኬቶች ያሟላል፣ ስፋቱ ግን 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው፤ ይወድቃል። ቁመቱ 24 ከሆነ ወርዱ ከ34 ኢንች በላይ፣ ወርዱ 20 ከሆነ ቁመቱ 41 ኢንች ግድም መሆን አለበት። መስታወቱን አትለኩ፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ሰው የሚሾልክበትን ባዶ ቦታ ለኩ።

ደረጃ 5፦ ፋይሉን አዘጋጁ

ቀጭን አቃፊ ይሁን። 40 ገጽ ደረሰኝ የሚያገላብጥ ገማች የለም።

ገጽ አንድ፦ የሥራው ዝርዝር። የተሠራውን ከነወሩና ከነዓመቱ ጻፉ። ቀኑ የሚያስፈልገው በምክንያት ነው፤ ቅጹ ኩሽናውና መታጠቢያ ቤቱ የታደሱት ከአንድ ዓመት ወዲህ ነው ወይስ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እያለ ይጠይቃል። ቀን ካላገኘ «ጊዜው አይታወቅም» የሚል ምርጫ አለው። እድሳታችሁ በዚያች ሐረግ እንዲገለጽ አትፈልጉም።

አንድ መስመር እንዲህ ይሁን፦ «ኩሽና፣ መጋቢት 2025፦ ካቢኔት፣ ኳርትዝ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፤ ፐርሚት ተዘግቷል።» ለገማቹ የምትሰጡት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ወር ተጽፎ እንደሆነ አትርሱ።

ቀጥሎ የሚገቡት፦

– የተዘጉ ፐርሚቶች
– ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች። ስድስት ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ ሥር ቦታውን ጻፉ።
– የጣሪያ፣ የማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ ደረሰኝ
– የወለል ንድፋችሁ
– የተፈረመ የኪራይ ውል
– የሽያጭ ማነጻጸሪያዎች፣ ደረጃ 6 ላይ የምናያቸው

የማይገባው፦ የምትፈልጉት ዋጋ። «ቢያንስ 310 ያስፈልገናል» ብሎ መጻፍም መናገርም ክልክል ነው። ገማቹ ነፃ ሆኖ እንዲሠራ የወጡ ደንቦች ወደ አንድ ቁጥር መግፋትን ይከለክላሉ። መረጃ መስጠት ግን ይፈቀዳል፤ ልዩነቱን ያዙ።

ጠቅላላ የእድሳት ወጪውን መጻፍ አከራካሪ ነው። እኔ በየሥራው እጽፋለሁ፣ ድምሩን አልጽፍም። ድምር ሲያይ ገማቹ ግዢውን ከድምሩ ጋር ደምሮ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ወጪና ዋጋ ደግሞ አንድ አይደሉም። 18,000 ዶላር የፈጀ ኩሽና 10,000 ብቻ ሊጨምር ይችላል።

ደረጃ 6፦ የሽያጭ ማነጻጸሪያዎችን ፈልጉ

ሪፖርቱ ቢያንስ ሦስት የተዘጉ ሽያጮችን ይፈልጋል፤ በተለምዶም ባለፉት 12 ወራት የተሸጡ። ገማቹ የራሱን ይመርጣል። የእናንተ ሥራ ያላየውን የታደሰ ቤት ማሳየት ነው።

1. ኤጀንት ወዳጃችሁ ከኤምኤልኤስ (የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች የጋራ መዝገብ) ላይ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ።
2. ቅርቡን፣ በስፋትና በዕድሜ ተመሳሳዩን፣ እንደ እናንተም የታደሰውን ምረጡ።
3. ትልቅ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም የትምህርት ቤት ወሰን አትሻገሩ። በካርታ ላይ ሁለት ብሎክ የሚርቀው ቤት ገበያው ሌላ ሊሆን ይችላል።
4. ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፦ ለምን እንደመረጣችሁትና ከእናንተ ቤት በምን እንደሚለይ።

ከፍተኛውን ዋጋ ብቻ ለቅማችሁ አታቅርቡ። ገማቹ ርካሾቹንም ያያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀታችሁን በሙሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ርካሽ የተሸጠው ጎረቤት ያልታደሰ ከነበረ እሱንም ጨምሩና «ኩሽናው የድሮ ነበር» ብላችሁ ጻፉበት።

ደረጃ 7፦ ተከራዩን አዘጋጁ

ቤቱ የእናንተ ቢሆንም ቁልፉ የተከራዩ ነው። ለመግባት ምን ያህል ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለባችሁ የክልሉ ሕግና ውላችሁ ይወስናሉ። ሁለቱን እዩና ረዘም ያለውን ጊዜ ተከተሉ።

መልእክቱ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሚመጣ፣ መቼ፣ ሁሉም ክፍል ፎቶ እንደሚነሳ፣ ውሻ ካለ እንዲታሰር። ተከራያችሁ ሐበሻ ከሆነ «በ4 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት። እናንተ የጠዋቱን 10 በሐበሻ ቆጥራችሁ 4 ስትሉ፣ እሱ የፈረንጁ ከሰዓት 4 መስሎት ሥራ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ።

ቤቱ እንዲጸዳላችሁ ከፈለጋችሁ ጽዳቱን ራሳችሁ ክፈሉ፤ ተከራዩን አትዘዙ። የተዝረከረከ ልብስ ዋጋ አይቀንስም፤ ወለሉና ግድግዳው እንዳይታይ ካደረገ ግን ችግር ነው።

የኪራዩ ወረቀት

ለአንድ ቤተሰብ ቤት አበዳሪው 1007 የሚባለውን የገበያ ኪራይ ቅጽ ከአፕሬይዛሉ ጋር ሊያዝ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቤተሰብ ለሚያኖር ቤት ኪራዩ 1025 በሚባለው ቅጽ ውስጥ ይካተታል። ፋኒ ሜ ከውሉ ላይ ከሚታየው ኪራይ 75 በመቶውን ብቻ እንደ ገቢ ይቆጥራል። ለወንድም ወይም ለአብሮ አደግ በቅናሽ ያከራያችሁ ከሆነ፣ የውሉ ቁጥር ዝቅ ማለቱ ብቁነታችሁን እንደሚነካ ቀድማችሁ አስሉ።

ደረጃ 8፦ የቀጠሮው ቀን

– መብራት፣ ውሃና ጋዝ የበሩ ይሁኑ። አንዱ ከተዘጋ ሪፖርቱ በቅድመ ሁኔታ ሊወጣ ይችላል።
– ወደ ጣሪያ ሥርና ወደ ቤቱ ሥር የሚያስገባው በር እንዲከፈት ዕቃውን አንሱ።
– የተቆለፈ ክፍል አይኑር። ያላየውን ክፍል አይጽፈውም።
– 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ መጋረጃ ክፈቱ፣ መብራት አብሩ።

ገማቹ ሲመጣ ሰላም ብላችሁ አቃፊውን ስጡ፤ «የተሠራው ዝርዝርና ፐርሚቶቹ እዚህ አሉ፤ ጥያቄ ካለ ኩሽና ነኝ» በሉና ዞር በሉ። ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ «ይህም አዲስ ነው፣ ያም አዲስ ነው» ማለት ሥራውን ያዘገያል። አቃፊውን ካልወሰደላችሁ በፎቶ አንስታችሁ በአበዳሪው በኩል ላኩት።

ቀጠሮው ከተበላሸ፦ ተከራዩ በር ካልከፈተ ጭቅጭቅ ውስጥ አትግቡ። ለገማቹ በቀጥታ ይቅርታ ጠይቁ፣ በዚያው ሰዓት ለአበዳሪው ጽፋችሁ አዲስ ቀን አስይዙ። ለባከነው ጉዞ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ግምቱ ዝቅ ብሎ ከመጣ

አበዳሪው የሪፖርቱን ቅጂ እንዲሰጣችሁ በሕግ ይገደዳል፤ እንዳለቀ ወዲያው ወይም ብድሩ ከመዘጋቱ ሦስት የሥራ ቀን በፊት፣ ከሁለቱ የቀደመው። ከመናደዳችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡት፦

1. ስፋቱ ከንድፋችሁ ጋር ይገጥማል?
2. የመኝታና የመታጠቢያ ክፍሎች ቁጥር ትክክል ነው?
3. ይዞታው ሲ ስንት ተባለ? ኩሽናው «ያልታደሰ» ተብሎ ተጽፏል?
4. ማነጻጸሪያዎቹ የታደሱ ናቸው ወይስ ያልታደሱ? ፎቶአቸውን በኢንተርኔት ፈልጋችሁ እዩ።
5. ሲነጻጸሩ ለይዞታ ልዩነት ማስተካከያ ተደርጓል?

ስህተት ካገኛችሁ ግምቱ እንደገና እንዲታይ በአበዳሪው በኩል መጠየቅ ትችላላችሁ። በ2024 ፋኒ ሜና አቻው ፍሬዲ ማክ ለዚህ ያወጡት ደንብ ሁለት ገደብ አለው፦ በአንድ ሪፖርት ላይ ተበዳሪው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ተጨማሪ ማነጻጸሪያም ከአምስት አይበልጥም። አንድ ጥይት ነው፤ በንዴት በዚያው ምሽት አትተኩሱት። የስፋት ስህተትን፣ የጎደለ መታጠቢያ ቤትንና የተሻሉ ማነጻጸሪያዎችን በአንድ ደብዳቤ አጠቃልሉ። ማነጻጸሪያዎቹ አፕሬይዛሉ ከተሠራበት ቀን በፊት የተሸጡ ይሁኑ። ጥያቄው ብድሩ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ የወለድ ቁልፋችሁ መቼ እንደሚያበቃ እያያችሁ ሥሩ። ለገማቹ ራሱ አትደውሉ።

«ብዙ ወጪ አውጥቻለሁ» የሚል ደብዳቤ ምንም አይለውጥም። «መስመር 3 ላይ ያለው ቤት 1 መታጠቢያ ቤት አለው፣ የእኛ 2 ነው፤ ማስተካከያ አልተደረገም» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

ካልተለወጠ ሦስት ምርጫ ይቀራል። ያነሰውን ብድር መውሰድ፣ ሌላ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ አዲስ አፕሬይዛል ማስደረግ፣ ወይም በአካባቢው ሁለት ሦስት የታደሱ ቤቶች እስኪሸጡ ጠብቆ እንደገና ማመልከት። እድሳቱን በክሬዲት ካርድ ወይም ከፍተኛ ወለድ ባለው የአጭር ጊዜ ብድር ካሠራችሁ፣ የመጠበቁን ወለድ በወር አስሉትና ከጎደለው ገንዘብ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ያነሰውን ብድር ወስዶ ውዱን ዕዳ መዝጋት ያዋጣል።